የአዲስ መኪና የመጀመሪያ ዘይት መቼና እንዴት ይቀየራል? ለጎጃም መንገድ የተዘጋጀ መመሪያ

አዲስ መኪና ከአዲስ አበባ ገዝቶ ወደ ጎጃም የሚነሳ ሰው የወንበሩ ላስቲክ ሳይገፈፍ ዓባይ በረሃ ይገባል። ከጎሃ ጽዮን ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ያንኑ ያህል ሽቅብ ወጥቶ ደጀን ይደርሳል። ደብረ ማርቆስ ገብቶ ሞተሩን ሲያጠፋ ቆጣሪው 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ያሳያል። ሜዳማ አገር ያለ መኪና በወራት ቀስ እያለ የሚለምደውን ጫና የእኛ መኪና በመጀመሪያው ቀን ይቀምሰዋል።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ በጋራዥ ሥራ በቆየሁባቸው ዓመታት “የመጀመሪያውን ዘይት መቼ ልቀይር?” ከሚለው በላይ የተጠየቅሁት ጥያቄ የለም። ሳይጠይቁ ቀርተው ሞተር የጨረሱ ሰዎችም አይቻለሁ። “አዲስ ነው፣ ምን ይሆናል?” ብሎ 15,000 ኪሎ ሜትር የሚነዳ አለ። ጓደኛው ስለነገረው ብቻ በ200 ኪሎ ሜትር ደኅናውን ዘይት የሚደፋም አለ። ሁለቱም መጽሐፉን አልከፈቱም። ቁጥሩ ከመኪናው ጋር በተሰጣችሁ መመሪያ መጽሐፍ ውስጥ ተጽፏል። ብዙ ጊዜ ግን በመጽሐፉ ውስጥ ሁለት ሠንጠረዦች አሉ፤ አንዱ ለተመቻቸ መንገድ፣ ሌላው ለአስቸጋሪ መንገድ። ጎጃም ውስጥ የሚነዳ ሰው ማንበብ ያለበት ሁለተኛውን ነው።

የመጀመሪያው ዘይት ምን ተሸክሟል?

አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር ሳይሟሽ እንጀራ አይጋገርበትም። ሞተርም እንዲሁ ይሟሻል። የሲሊንደሩ ግድግዳ ፋብሪካ ውስጥ ሲጠረብ ሆን ተብሎ ጥቃቅን ጭረት ይተውበታል። ጭረቱ ዘይት ይይዛል፤ የፒስተን ቀለበቶቹም በእርሱ ላይ እየተፋተጉ የግድግዳውን ቅርጽ ይለምዳሉ። በመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች የጭረቱ ሹል ጫፎች ይላጋሉ፣ ጥርሶች ከጥርሶች ጋር ይስማማሉ፣ ቀለበቶቹም ቦታቸውን ይይዛሉ። የተላገው ብረት ዘይቱ ውስጥ ይገባል፤ ሌላ መሄጃ የለውም። ሞተሩ ሲገጣጠም የተቀባው ቅባትና ከማጣበቂያው የተረፈ ቅንጣትም እዚያው ይቀላቀላል።

ፊልትሮው ትልልቁን ያስቀራል። በጣም ደቃቁ ግን ያልፈዋል፤ ከዘይቱ ጋር አብሮ ይዞራል። የእጅ ወፍጮ አዲስ ሲወቀር እናቶቻችን የመጀመሪያውን ዱቄት ለቡኮ አያውሉትም፤ የድንጋዩ ብናኝ እንደገባበት ያውቃሉ። የሞተርም የመጀመሪያው ዘይት እንደዚያ ዱቄት ነው፤ ሥራውን ሠርቶ በጊዜው መውጣት አለበት።

“በጊዜው” ማለት ግን ሁልጊዜ “ቶሎ” ማለት አይደለም። አንዳንድ አምራቾች ፋብሪካ ላይ የሚሞሉት ዘይት ለማሟሻ ተብሎ የተለየ ቅመም የተጨመረበት ነው። ለምሳሌ ሆንዳ ለአውቶሞቢሎቹ የመጀመሪያው ዘይት ጊዜው ሳይደርስ እንዳይቀየር ያሳስባል። ስለዚህ መጽሐፉ “አትቸኩል” ካለ አትቸኩሉ፤ በሠፈር ወሬ ገንዘባችሁንም ሞተራችሁንም አትጉዱ።

አንደኛ፦ “አዲስ” የምትሉት መኪና የቱ ነው?

በእኛ አገር “አዲስ መኪና ገዛሁ” የሚል ሰው ሁሉ ዜሮ ኪሎ ሜትር መኪና ገዛ ማለት አይደለም። ከዚህ ካልጀመርን ሁሉም ቁጥር ይሳሳታል።

መኪናው ውጭ አገር ተነድቶ የመጣ፣ ለእናንተ ብቻ አዲስ የሆነ ከሆነ ማሟሸት የሚባል ነገር የለውም። ዘይቱ ግን መቼ እንደተቀየረ፣ ምን ዓይነት እንደሆነ አታውቁም። እንዲህ ያለውን መኪና በተረከባችሁ ሳምንት ዘይቱንም ፊልትሮውንም ቀይሩ። ሻጩ “ትናንት ነው የተቀየረው” ቢላችሁም ቀይሩ። የእናንተ ቆጠራ ከዚያ ቀን ይጀምራል።

ሞተሩ ተበትኖ አዲስ ፒስተንና ቀለበት የገባለት ከሆነ የመኪናው አካል አሮጌ ቢሆንም ሞተሩ እንደ አዲስ ይቆጠራል። እንዲያውም ከፋብሪካው ሞተር የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ የጋራዥ አየር የፋብሪካን ያህል ንጹሕ አይደለም። እኔ እንዲህ ያለውን ሞተር ዘይቱን በ500 ኪሎ ሜትር፣ ሁለተኛውን ደግሞ በ2,000 ኪሎ ሜትር አካባቢ እቀይርለታለሁ። የበተነው መካኒክ ከዚያ ቀደም ብላችሁ ተመለሱ ካላችሁ እሱን ስሙት።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ መወሰኑን ካስታወቀ ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ መኪኖች በከተሞቻችን እየበዙ ነው። እነዚህ የሞተር ዘይት የላቸውም። የማርሽ ቤታቸው ዘይት ግን አለ፤ ጊዜውም በመጽሐፋቸው ይገኛል። ዘይት ለመቀየር የመጣ የኤሌክትሪክ መኪና ባለቤት ገጥሞኛል፤ ገንዘቡን ሳልቀበል ይህንኑ ነግሬ ሸኘሁት።

ሁለተኛ፦ ቁጥሩን ፈልጉ

ከሁሉም በላይ የሚያስጨንቀኝ ባጃጅና ሞተር ሳይክል ነው። የመጀመሪያ አገልግሎታቸው አብዛኛውን ጊዜ ከ500 እስከ 750 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ ነው፤ በዚያን ጊዜም ዘይቱ ይቀየራል። ምክንያቱን ማወቅ ይጠቅማል። በአብዛኞቹ ሞተር ሳይክሎችና በባለ አራት ምት ባጃጅ ሞተሩ፣ ፍሪሲዮኑና ማርሹ የሚጠቀሙት አንዱን ዘይት ነው። ብዛቱም አንድ ሊትር አካባቢ ብቻ ነው። የሦስት ክፍል ብናኝ በአንድ ሊትር ውስጥ ይሰበሰባል ማለት ነው።

አሁን አስሉት። በባሕር ዳር ወይም በቡሬ ከተማ ውስጥ በቀን 100 ኪሎ ሜትር የምትሠራ ባጃጅ 500 ኪሎ ሜትር የምትሞላው በአምስት ቀን ነው። ባለቤቱ የመጀመሪያውን የሳምንት ገቢ ሳይቀበል የዘይቱ ቀን ደርሷል።

አንድ ጊዜ ከፍኖተ ሰላም በጭነት መኪና ተጭና የመጣች ባጃጅ ተቀበልኩ። ባለቤቷ አንዲት እናት ነበሩ፤ የዕቁብ ብራቸውን አውጥተው ለልጃቸው መተዳደሪያ የገዟት። ቆጣሪው ከ6,000 ኪሎ ሜትር አልፏል። “እትዬ፣ ዘይቷ መቼ ነው የተቀየረው?” ብላቸው “የምን ዘይት ልጄ? አዲስ እኮ ናት” አሉኝ። የማፍሰሻ ቡሎኑን ስፈታው የወጣው አንድ የሻይ ብርጭቆ የማይሞላ፣ እንደ ቅጠል ሬት የወፈረ ጥቁር ነገር ነበር። የሸጠላቸው ሰው አንድ ቃል አልነገራቸውም፤ መጽሐፉም በማያነቡት ቋንቋ የተጻፈ ነበር። ሞተሩን በትነን ስንጠግን የወጣው ወጪ ብዙ ዓመት ዘይት ይገዛ ነበር። ይህንን መመሪያ የምጽፈውም እርሳቸውን እያሰብኩ ነው። ባጃጅ ለልጃቸው የሚገዙ ወላጆች ካሉ እባካችሁ ይህን ቁጥር ንገሯቸው፦ 500።

የቤት አውቶሞቢል ጉዳይ ሰፋ ያለ ነው። በብዙ የቶዮታ መኪኖች መጽሐፍ ላይ ለተመቻቸ መንገድ 10,000 ኪሎ ሜትር፣ ለአስቸጋሪ መንገድ 5,000 ኪሎ ሜትር ተብሎ ታገኛላችሁ። አስቸጋሪ የሚባለውም ተዘርዝሯል፦ አቧራማ መንገድ፣ ጭቃና ኮረኮንች፣ ከባድ ጭነት፣ ቆሞ ለረጅም ጊዜ ማስነሳት፣ ሞተሩ ሳይሞቅ የሚያልቅ አጭር ጉዞ። ከሞጣ ወይም ከቢቸና ወጣ ብሎ ወደ ገጠር ቀበሌ በጥርና በየካቲት አቧራ የሚጓዝ፣ ሐምሌ ላይ ደግሞ ጭቃ የሚያርስ መኪና ከዚህ ዝርዝር ያልነካው የለም። ስለዚህ የመጀመሪያ ቅየራችሁ 5,000 ነው። አስፋልት ላይ ብቻ የምትነዱ ብትሆኑም የዓባይን በረሃ በወር ሁለቴ የምትመላለሱ ከሆነ እኔ እዚያው 5,000 ላይ ነኝ።

አንዳንድ አምራቾች በ1,000 ኪሎ ሜትር መጥታችሁ አስፈትሹ ይላሉ። ፍተሻና ቅየራ አንድ አይደሉም። በፍተሻው ቡሎን ይጠበቃል፣ ፍሳሽ ይታያል፣ የዘይቱ ልክ ይለካል። “ይቀየር” የሚል ቃል ካለበት ይቀየራል፤ ከሌለ ግን በዚያ ቀን ዘይት ግዙ የሚላችሁን ሰው መጽሐፉን አሳዩት።

የጭነት መኪና የመጀመሪያ ቅየራ እንደ ሥሪቱ ይለያያል፤ መጽሐፉን ሳላይ ቁጥር አልነግራችሁም። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እናገራለሁ። ከአዊ ከሰል፣ ከቡሬ በቆሎ ጭኖ የሚወጣ መኪና ከሞተሩ ሌላ ካምቢዮ (ማርሽ ቤት) እና ዲፈረንሻል (ኃይሉን ለጎማዎቹ የሚያከፋፍለው ክፍል) አለው። የእነዚህ ዘይት አብዛኛውን ጊዜ ፊልትሮ የለውም፤ ሲሟሹ የተላገ ብረት ሁሉ እዚያው ተኝቶ ጥርሱን ይበላል። የሞተሩን ዘይት የሚቀይር ሾፌር እነዚህን ይረሳል። የመጀመሪያ ቅየራቸው መቼ እንደሆነ በተለይ ፈልጉ።

ኪሎ ሜትር ብቻም አይደለም፤ ወርም ይቆጠራል። መጽሐፉ “5,000 ኪሎ ሜትር ወይም 6 ወር” ካለ ቀድሞ የሞላው ይገዛል። መኪናው ወደብና መጋዘን ውስጥ የቆየበትን ጊዜም አትርሱ፤ የተመረተበትን ዓመትና ወር ጠይቁ። ዓመት ሙሉ ቆሞ የተሸጠ መኪና ከሆነ እኔ ርክክቡ ላይ ስለ ዘይቱ ሻጩን እጠይቃለሁ፤ መልሱንም በጽሑፍ እቀበላለሁ።

እግረ መንገዴን፦ በቆጋ መስኖም ሆነ በሌላ ወንዝ ዳር የቤንዚን ውሃ መሳቢያ የገዛችሁ ገበሬዎች፣ የእናንተም ሞተር ይሟሻል። በእነዚህ ትንንሽ ሞተሮች የሚቆጠረው ሰዓት ነው። በሰፊው የሚታወቁት የሆንዳ ጂኤክስ ሞተሮች የመጀመሪያ ቅየራቸው በአንድ ወር ወይም በ20 ሰዓት ነው፤ ከዚያ በኋላ በ6 ወር ወይም በ100 ሰዓት። ሽንኩርት ለማጠጣት በቀን አራት ሰዓት የሚሠራ ሞተር በአምስት ቀን 20 ሰዓት ይሞላል። በትንንሾቹ የሚገባው ዘይት ከግማሽ ሊትር ትንሽ የሚበልጥ ነው፤ ለዚህች ዘይት ተብሎ ሞተር አይቃጠልም።

ሦስተኛ፦ ቀኑ እስኪደርስ እንዴት ይነዳ?

ማሟሸት ማለት ማንቀራፈፍ ይመስለናል። በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በቀኝ ጠርዝ እየተንፏቀቀ ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ሞተሩን የጠበቀው ይመስለዋል፤ ግን አልጠበቀውም። ቀለበቶቹ ቦታቸውን የሚይዙት መጠነኛ ጫና ሲያገኙ ነው። በአንጻሩ ነዳጁን እስከ ወለል መርገጥም ያጠፋል። ቶዮታ ለብዙ መኪኖቹ የሚሰጠው ምክር ለእኛ መንገድ የተለካ ይመስላል፦ እስከ 300 ኪሎ ሜትር ድንገተኛ ፍሬን አትያዙ፤ እስከ 800 ተጎታች አትጎትቱ፤ እስከ 1,000 በጣም አትፍጠኑ፣ በድንገት አትርገጡ፣ በዝቅተኛ ማርሽ ለረጅም ጊዜ አትቆዩ፣ አንድ ፍጥነት ላይ ብቻም አትቆዩ። 300 ኪሎ ሜትር ማለት ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ ነው። 1,000 ደግሞ በደብረ ማርቆስና በቡሬ በኩል ባሕር ዳር ደርሶ ለመመለስ ጥቂት ይጎድለዋል።

የዓባይን በረሃ በአዲስ መኪና እንዲህ ውረዱ። ጎሃ ጽዮን ላይ ቁሙ፤ ቡና ጠጡ፤ ሞተሩም ፍሬኑም ይረፉ። ቁልቁለቱን ገና ከአናቱ በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ማርሽ ጀምሩ፤ ከፈጠናችሁ በኋላ ማርሽ ለመቀነስ አትታገሉ። አዲስ የፍሬን ሸራ ገና አልተሟሸም፤ ያለማቋረጥ ከተረገጠ ይግላል፣ መያዙንም ይቀንሳል። ስለዚህ መኪናውን ማርሹ ይያዘው፤ ፍሬኑን ደግሞ ያዝ ለቀቅ አድርጉ። ሞተሩ ከሚገባው በላይ ከጮኸ አንድ ማርሽ ጨምሩ። መጽሐፉ በዝቅተኛ ማርሽ ብዙ አትቆይ ቢልም እዚህ ቁልቁለት ላይ ነፍስ ከሞተር ትቀድማለች፤ ፍሬን እንዳይግል ማርሽ ያዙ፣ ሰፋ ያለ ቦታ ስታገኙ ደግሞ ቆም በሉ።

ሽቅቡ ሌላ ነው። በአራተኛ ማርሽ ላይ ሆኖ ሞተሩ እያቃሰተ ሳለ ነዳጅ መርገጥ ከሁሉ የከፋ ነው። ድምፁ ሲከብድ ወዲያው ማርሽ ቀንሱና በቀላሉ ይዙር። የሙቀት መርፌው ከለመደው ቦታ ከፍ ካለ ጠርዝ ይዛችሁ ቁሙ፤ ራዲያተሩን ግን በትኩሱ አትክፈቱ። ሙሉ ሰውና ሙሉ ዕቃ ጭናችሁ ይህን ዳገት በመጀመሪያው ጉዞ አትውጡ። የሠርግ ዕቃም ይሁን የዘመድ ጤፍ በሌላ መኪና ይምጣ።

በየ500 ኪሎ ሜትሩ የዘይቱን ልክ እዩ። በማሟሻ ጊዜ ሞተር ትንሽ ዘይት ሊበላ ይችላል፤ የሚያስደነግጥ አይደለም። ሳይለኩ መንዳት ግን ያስደነግጣል።

አራተኛ፦ ዘይቱን ምረጡ

“ወፍራም ዘይት ለሞተር ጥሩ ነው” የሚለው አባባል ለአሮጌ ሞተር የተነገረ ነው። አዲስ ሞተር መተላለፊያው ጠባብ ነው፤ ቀጭን የታዘዘለት ቀጭን ይፈልጋል። 5ደብሊው30 ተብሎ ሲጻፍ የመጀመሪያው ቁጥር ዘይቱ በብርድ እንዴት እንደሚፈስ፣ ሁለተኛው ሞተሩ ሲግል ምን ያህል እንደሚወፍር ይነግራል። እንጅባራ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት የሚነሳ መኪና የመጀመሪያውን ቁጥር ዋጋ ያውቀዋል። መጽሐፉ የፈቀደውን ግዙ፣ ከዚያ አትውጡ።

ጀሪካኑ ላይ ባለው የኤፒአይ (የዘይት ደረጃ) ምልክት ለቤንዚን ሞተር በ“ኤስ” የሚጀምር፣ ለናፍጣ በ“ሲ” የሚጀምር ደረጃ ፈልጉ። ለሞተር ሳይክልና ለባጃጅ ግን የአውቶሞቢል ዘይት አትጨምሩ፤ በአንዳንዱ ውስጥ ያለው ማንሸራተቻ ቅመም ፍሪሲዮኑን ያንሸራትተዋል። ጀሪካኑ ላይ “ጃሶ ኤምኤ” የሚል (ፍሪሲዮኑን የማያንሸራትት የሞተር ሳይክል ዘይት ደረጃ) መኖሩን አረጋግጡ፤ 20ደብሊው50 በብዛት የሚታዘዝላቸው ነው።

ተቀድቶ የሚሸጥ፣ ማኅተሙ የተነካ፣ ዋጋው ከሌላው በጣም የወረደ ዘይት አትግዙ። ደረሰኝ ተቀበሉ፤ የዋስትና ጊዜ ላይ ላለ መኪና ደረሰኙ ከዘይቱ እኩል ዋጋ አለው። ባዶውን ጀሪካን ደግሞ በቢላዋ ቀዳችሁ ጣሉት፤ ደኅና ሆኖ ከተሸጠ ሌላ ነገር ተሞልቶበት ለሌላ ወንድማችሁ ይሸጣል።

አምስተኛ፦ ቅየራው

መኪናው ዋስትና ካለው የመጀመሪያውን ቅየራ ወኪሉ በፈቀደው ጋራዥ አሠሩ። ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ድረስ መሄድ ቢኖርባችሁም ሂዱ፤ መጽሐፉ ላይ ማኅተም ይደረግ። ዋስትና የሌለው ወይም ራሳችሁ የምትሠሩት ከሆነ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ።

1. ሞተሩን ከ5 እስከ 10 ደቂቃ አስነሱና አጥፉ። የሞቀ ዘይት ቆሻሻውን አንሳፍፎ ይወጣል፤ የፈላ ዘይት ግን እጅ ይልጣል።

2. ሜዳ ቦታ አቁሙ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ጎማው ላይ ድንጋይ አስደግፉ። በክሪክ ብቻ በተነሳ መኪና ሥር በፍጹም አትግቡ፤ ክሪክ ይንሸራተታል። የጋራዥ ጉድጓድ ካለ እሱ ይሻላል።

3. የማፍሰሻውን ቡሎን ለዩ። ይህን በጥሞና አንብቡት። የሞተር ዘይት መስሎት የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ያፈሰሰ፣ ከዚያም ሞተሩ ላይ አዲስ ጨምሮ ከመጠን ያስሞላ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ ሰው በአንድ ጠዋት ካምቢዮውንም ሞተሩንም ይጎዳል። ጥርጣሬ ካለ አትፍቱ፤ የሚያውቅ ጥሩ።

4. ጓንት አድርጉ። በልኩ ቁልፍ ፍቱ፤ በብዙ የቶዮታ መኪኖች 14 ቁጥር ነው። ጠብታው እስኪቆም 15 ደቂቃ ያህል ጠብቁ።

5. ፊልትሮውን ፍቱ። የአሮጌው ጎማ ቀለበት ሞተሩ ላይ ተጣብቆ እንዳልቀረ በጣታችሁ ዳብሱ፤ ሁለት ጎማ ከተደራረበ ዘይቱ መንገድ ላይ ይፈስሳል። የአዲሱን ጎማ ዘይት ቀቡት፤ በእጅ አዙራችሁ ጎማው ከነካ በኋላ ሦስት አራተኛ ዙር ጨምሩ፤ በቁልፍ አታጥብቁት። ብዙ ባጃጆችና ሞተር ሳይክሎች ደግሞ የዘይት ወንፊት አላቸው፤ አውጥታችሁ በነጭ ጋዝ እጠቡት።

6. የማፍሰሻውን ሮንዴላ በአዲስ ቀይሩ። ቡሎኑን መጀመሪያ በእጅ አስገቡ፤ ከዚያ በቁልፍ ያዙት። የዘይት ገንዳው አሉሚኒየም ከሆነ በጉልበት ያጠበቀ ሰው የገንዳውን ጥርስ ይበላዋል።

7. ከታዘዘው ጥቂት አጉድላችሁ ሙሉ። ትንንሽ አውቶሞቢሎች ከ3 እስከ 4 ሊትር ተኩል፣ የሂሉክስ ናፍጣ 7 ሊትር ገደማ ይወስዳሉ። ሞተሩን አስነሱ፤ የዘይቱ መብራት በጥቂት ሰከንድ ካልጠፋ ወዲያው አጥፉ። ከጠፋ አንድ ደቂቃ አቆዩት፣ ሥሩን እዩ፣ አጥፉና 5 ደቂቃ ጠብቃችሁ ለኩ። በመለኪያ ዘንጉ ላይ ባሉት ሁለት ምልክቶች መካከል፣ ወደ ላይኛው የቀረበ ይሁን። ከላይኛው ያለፈ ዘይት አረፋ ይሠራል፤ የጎደለውን ያህል ይጎዳል።

ስድስተኛ፦ የወጣውን ዘይት አንብቡት

እኔ የመጀመሪያ ዘይት ሳፈስስ ለመድፋት አልቸኩልም። ነጭ ጨርቅ ላይ ጥቂት አንጠባጥቤ ፀሐይ ላይ አየዋለሁ። እንደ ብር ብናኝ የሚያብለጨልጭ፣ በጣት ሲሹት የማይቆረቁር ከሆነ የማሟሻ ብናኝ ነው፤ ሞተሩ ሥራውን ሠርቷል። በጥፍር የሚያዝ፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት የሳሳ ቁራጭ ካለ ግን ጉዳት ነው። ማግኔት አስጠጉበት፤ ከሳበው ብረት ነው፤ ካልሳበውና ቀለሙ ወደ መዳብ ከሄደ የኩሽኔት (የሞተሩ ዘንግ የሚዞርበት ተሸካሚ) ቁራጭ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ቢሆኑ ቁራጩን በብልቃጥ አስቀምጣችሁ፣ ፎቶ አንሥታችሁ፣ ሞተሩን ሳታስነሱ ለወኪሉ አመልክቱ። በዋስትና ጊዜ የተገኘ እንዲህ ያለ ማስረጃ ሞተር ያስተካል።

ወተት የመሰለ ዘይት ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው። ጥቁር መሆኑ ብቻ ግን አያስፈርድም፤ የናፍጣ ዘይት በጥቂት ቀን ይጠቁራል።

ሰባተኛ፦ የወጣው ዘይት የት ይሂድ?

መሬት ላይ አይደፋ። አንድ ሊትር የተቃጠለ ዘይት እስከ አንድ ሚሊዮን ሊትር ውሃ ሊበክል ይችላል፤ የእኛ ቦይ ሁሉ ወደ ወንዝ፣ ወንዙም ወደ ዓባይና ወደ ጣና ነው። በጀሪካን አጠራቅሙና ለሚሰበስብ ጋራዥ ስጡ። ምስጥ እንዳይበላው የአጥር ቋሚ የሚቀቡበት ብዙዎች ናቸው። ከቀባችሁ ከምንጭና ከጉድጓድ ውሃ አርቁ፣ ልጆችና ከብት እንዳይነኩት ጠብቁ። የተቃጠለ ዘይት ቆዳ ላይ ሲደጋገም ካንሰር ሊያመጣ ይችላል፤ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ በቤንዚን አትታጠቡ።

ቀኑን፣ ኪሎ ሜትሩን፣ የዘይቱን ዓይነትና የሚቀጥለውን ቅየራ ጽፋችሁ ሊብሬው ውስጥ አስቀምጡ። ባጃጁን ለሾፌር የሰጣችሁ ከሆነ ሁለተኛ ቅጂ በትልቁ ጽፋችሁ መሪው ፊት ለጥፉ። ከዚያ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ንዱት፤ ማታ ስታቆሙት ከሞተሩ ሥር ንጹሕ ካርቶን አንጥፉ። ጠዋት ጠብታ ካገኛችሁ ቡሎኑንና ፊልትሮውን እንደገና እዩ። ካርቶኑ ደረቅ ከሆነ የዘይቱን ልክ አንድ ጊዜ ለክታችሁ ጉዞ ጀምሩ።